የወይዘሮ ቴመሊና ማግሪፕሊስ የአንድ ትንፋሽ ጥያቄ

ብፁዕ አባታችን፣ ካህናት፣ የወደቡ ሰዎች፣ ዘመድ ወዳጅ፣ ከሩቅ ተጉዛችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንዲሁም በፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ የተቀመጡት የተከበሩ የሕዝብ እንደራሴያችን ወይዘሮ ሎሬል ኦቨርስትሪት፤

የእናቴ ታላቅ እህት፣ የእኔም ሁለተኛ እናት የነበሩትን የወይዘሮ ቴመሊና ማግሪፕሊስን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ክሪስታላ ነኝ። ታዘዝኩ የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ሟች ማን እንደሚያነብ፣ ምን እንደሚነበብ፣ ማንስ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ሳይቀር ወስነው ስለሄዱ ነው። እንደራሴያችን ከጫፍ ሳይሆን ከመሃል የተቀመጡት በዚሁ ትእዛዝ ሲሆን፣ ምክንያቱን ንባቡ ሳያልቅ ይሰሙታል፤ እስከዚያው በግራና በቀኝዎ ያሉት ሁለት ባልቴቶች በቀላሉ መንገድ የሚለቁ ሴቶች እንዳልሆኑ ከወዲሁ ብነግርዎ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። በሬሳ ሳጥኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የሟች ሳይሆን ጢሙን ያሳደገ፣ ኮፍያ ያደረገ የማናውቀው ሰው ሆነብን ብላችሁ በር ላይ ስትንሾካሾኩም ሰምቻለሁ። ስህተት የለውም፤ እሱም በትእዛዝ የተቀመጠ ነው።

ወይዘሮ ቴመሊና ከግሪኳ ካሊምኖስ ደሴት ፈልሰው በዚህ በታርፖን ስፕሪንግስ ከሰፈሩት ከስፖንጅ ጠላቂው ከአቶ ኖሚኮስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካቶሊኪ እ.ኤ.አ. በ1934 በወደቡ ጀርባ ባለች የእንጨት ቤት ተወለዱ። አባታቸው የናስ ቆብ ደፍተው፣ በእርሳስ የከበደ ጫማ ተጫምተው ከባሕር ወለል ላይ ስፖንጅ የሚቆርጡ ብርቱ ሰው ሲሆኑ፣ አንድ ቀን ከጥልቁ በችኮላ በመውጣታቸው እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀሪ ዘመናቸውን በወንበር ላይ አሳልፈዋል። ሆኖም አስተማሪነታቸውን አልተዉም፤ በበረንዳቸው ተቀምጠው ልጆቻቸውን በረድፍ አቁመው ትንፋሽ መያዝ ያለማምዱ ነበር። «ትንፋሹን የያዘ ስፖንጁን ይይዛል፤ የቸኮለ እንደኔ ወንበር ይይዛል» ማለት ይወዱ ነበር ይባላል። ከልጆቹ ሁሉ ፊቷ እስኪቀላ ትንፋሿን ይዛ የምትቆየው ቴመሊና ነበረች።

ለትምህርት በደረሱ ጊዜ ጠዋት በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በግሪክኛ ይማሩ ነበር። የአዳራሹ መምህር ተማሪዎቻቸውን የቁስጥንጥንያን ነገሥታት ከነዘመናቸው፣ ከነሚስቶቻቸው፣ ማን የማንን ዓይን እንዳጠፋ ሳይቀር በቃል የሚያስጠኑ ሰው ስለነበሩ፣ ወይዘሮ ቴመሊናም ይህን ሁሉ ጠንቅቀው ያዙ፤ ዕውቀቱ ኋላ ምን ያህል እንደሚጎዳቸው በጊዜው ማንም አልገመተም። በባሕረ ሰላጤው ውስጥ በሽታ ገብቶ ስፖንጁ ባለቀበት ዘመን ትምህርታቸውን አቋርጠው ቤተሰብ ለመርዳት ሥራ ጀመሩ፤ እናታቸው ዓሣ ሲሸጡ እሳቸው ከአሮጌ መጋዘን ውስጥ የተረፈውን ስፖንጅ እየከረከሙ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። ያች ንግድ አድጋ ዛሬ ሁላችሁም የምታውቋት፣ በሯ ላይ ስፖንጅ እንደ ሽንኩርት ተጠፍሮ የሚንጠለጠልባት ሱቅ ሆነች።

በሃያ አንድ ዓመታቸው የጀልባ አዛዡን ካፒቴን ፓንተሊስን አገቡ። ካፒቴኑ በቀን ከሚናገሩት ቃል በቀን የሚያጨሱት ሲጋራ ይበልጥ የነበረ ሰው ስለሆኑ፣ በዚያ ቤት ውስጥ መናገሩ ለማን እንደወደቀ መገመት አያዳግትም። ኖሚኮስና ሴቫስቲ የሚባሉ ወንድና ሴት ልጆች ወለዱ። ታናሽ እህታቸው ኢሪኒ፣ ማለትም እናቴ፣ ከቆጵሮስ ደሴት ብርቱካን አጠባበቅና አስተሻሸግ ሊማር ወደዚህ አውራጃ የመጣውን ወጣት ሎይዞስን በተዋወቀች ጊዜ ሠርጉን የደገሱት እሳቸው ነበሩ። ሎይዞስ አባቴ ነው። ከሠርጉ በኋላ ተያይዘው ወደ አገሩ ከተማ ወደ ሞርፉ ሄደው ብርቱካን ተከሉ፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ።

በ1974 ሐምሌና ነሐሴ በዚያች ደሴት ላይ የሆነውን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ በመጀመሪያ መፈንቅለ መንግሥት ሆነ፣ ወዲያው የቱርክ ጦር ገባ፣ ሕዝቡም ሁለት ተከፍሎ ወዲያና ወዲህ ተሰደደ። አባቴ እናቴንና ሕፃን የነበርኩትን እኔን በጎረቤት የጭነት መኪና ላይ አሳፍሮ «ውኃውን ዘግቼ እደርስባችኋለሁ» ብሎ ወደ ብርቱካኑ ተመለሰ። አልደረሰብንም። ሞተ ያለ የለም፣ ተማረከ ያለ የለም፤ እናቴ እኔን አዝላ ወደዚህ ወደብ ስትመለስ ጥቁር ልልበስ አልልበስ ብላ እህቷን የጠየቀችው በአውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነበር። ወይዘሮ ቴመሊናም እሳቸው ራሳቸው ጥቁር ለበሱ፣ እህታቸውን ግን አላስለበሱም።

በዚያው ክረምት መጨረሻ ከዋሽንግተን አንድ ሰው መጣ። ስሙ ሚስተር ዲኖ ላስካሪስ ሲባል፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ «የቆጵሮስ ፍትሕ ኅብረት» የተባለ ማኅበር ጎትጓች ነበር፤ ሥራው የሕዝብ እንደራሴዎችን ቢሮ እያንኳኳ፣ ኮንግረስ ለቱርክ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ እንዲያግድ ማግባባት ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሕዝብ ሰብስቦ ያቀረበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እንደራሴያችሁን ሳይሾም በፊት የሚያውቀው ማን ነው? ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ወይዘሮ ቴመሊናን አየ። ሚስተር ዴልበርት ፕሩዊት ለኮንግረስ ከመመረጣቸው በፊት የብርቱካን ሣጥን ነጋዴ ሳሉ ከእሳቸው ሱቅ አጠገብ መጋዘን ነበራቸውና፣ ምሳቸውን ሲረሱ ከእሳቸው ድስት ይበሉ ነበር። የኅብረቱ ጥበብ ይኸው ነው፤ ከትልቅ ሰው ጋር የሚከራከር ሊቅ አይፈልግም፣ ትልቁ ሰው ትንሽ ሳለ ያጎረሰውን ይፈልጋል።

የመጀመሪያው የዋሽንግተን ጉዞ ግን መከራ ሆነ። ሚስተር ፕሩዊት በደስታ ተቀብለው «እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን ልርዳዎ?» ሲሏቸው፣ ወይዘሮ ቴመሊና እጃቸውን አጣጥፈው ከቁስጥንጥንያ መመሥረት ጀመሩ። ነገሥታቱን አንድ በአንድ አነሡ፤ የተገለበጠውን፣ የመነኮሰውን፣ ዓይኑ የጠፋውን። ገና ቆጵሮስ ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመት ሲቀራቸው የምክር ቤቱ ደወል ጮኸ፤ ሚስተር ፕሩዊትም «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድምፅ ልሰጥ ልሂድ፤ ሌላ ጊዜ ይጨርሱልኛል» ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም። በኮሪደሩ ላይ ላስካሪስ ግንባሩን ይዞ «ኪራ ቴመሊና፣ እመቤቴ፣ በማርያም! ሰውየው የብርቱካን ሰው ነው፣ ንጉሠ ነገሥት ምን ያደርግለታል?» ቢላቸው፣ አብረዋቸው የነበሩት አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ደግሞ «እኔማ ዕድሉን ባገኝ ከትሮይ ጦርነት ነበር የምጀምረው» ብለው ቅር አላቸው። እንዲህ ዓይነት ጥፋት የእኛ ሕዝብ ብቻ ነው የሚያጠፋው።

ወይዘሮ ቴመሊና በአውቶቡስ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም፤ ካፒቴን ፓንተሊስ እንኳ ደንግጠው ሐኪም ሊጠሩ ነበር አሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ከአባታቸው ወንበር ፊት ቆመው የሸመደዱትን አሰቡና ለራሳቸው ሕግ አወጡ፤ በአንድ ትንፋሽ የማያልቅ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፣ ከተጠየቀም በኋላ ሰውየው እስኪናገር ድረስ ዝም ማለት ነው። በመስታወት ፊት እየተለማመዱ፣ ነገሥታቱን እየጣሉ፣ መቶ ዓመታቱን እየከረከሙ፣ ልክ ስፖንጅ እንደሚከረከመው፣ ጥያቄያቸውን አሳጠሩት። በሁለተኛው ጉዞ ሚስተር ፕሩዊት ፊት ተቀምጠው «ጦር መሣሪያው ይታገድልን» አሉና ዝም አሉ። እንደራሴው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወረቀት አገላበጡ፤ ስለ አየሩ አነሡ። እሳቸው ዝም። በመጨረሻ ሚስተር ፕሩዊት ሳያስቡት «እሺ» አሉ።

ሲወጡ አንዲት የባሕር ስፖንጅ ሰጧቸው። ይህም ልማዳቸው ሆኖ ቀረ፤ ለገቡበት ቢሮ ሁሉ አንድ አንድ ስፖንጅ ይተዉ ነበር፤ ዋጋዋ ጥቂት ስለሆነ ጉቦ የሚላት ሕግ የለም። «ወረቀት ይጥሉታል፤ በኔ ስፖንጅ ግን ፊታቸውን በታጠቡ ቁጥር እኔን ያያሉ» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ፕሩዊትም አንድ ጊዜ ስልክ ደውለው «ቴመሊና፣ ባሌ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከስፖንጅሽ ጋር ሲከራከር እሰማዋለሁ፤ እባክሽ ምን እንደሚፈልግ ንገሪው» ብለው እንደሳቁባቸው እናቴ ትመሰክራለች።

እኔ ይህን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል፣ ሳልደብቅ ልናገርና ያስፈራኛልም። ዓለምን ከዳር እስከ ዳር የሚያንቀጠቅጥ መንግሥት፣ መርከቡና ሠራዊቱ የማይቆጠር፣ የዕብነ በረድ አዳራሹ ሰው የሚያሳንስ፤ በዚያ ሁሉ መካከል ግን ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሱ የአንድ ጠላቂ ልጅ ተቀምጠው አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ዝም ሲሉ፣ የዚያ ሁሉ ኃይል አንዱ ጫፍ ይነቃነቃል። ዕገዳው ጸድቆ ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ፣ በ1978 ይነሣ አይነሣ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ የፕሬዚዳንቱ ሰዎች ሚስተር ፕሩዊትን ደጋግመው ጠርተዋቸው ነበር፤ ፕሩዊት ግን ከእኛ ጋር ቆሙ። ዕገዳው በጥቂት ድምፅ ብልጫ ተነሣ፣ ኅብረቱም ተሸነፈ። ላስካሪስ በአደባባይ አለቀሰ። ወይዘሮ ቴመሊና መሐረብ አቀበሉትና አንድ ነገር ጠየቁት፤ «ጦር መሣሪያው ሦስት ዓመት ቆሞ ነበር፤ ሎይዞስ ግን የታለ?»

ከዚያ በኋላ ኅብረቱ ወደ ዕርዳታ ክርክር ዞረ። መጀመሪያ «የግል ጉዳይ ነው፣ አታንሡት» ይላቸው የነበረውን የአባቴን ፎቶግራፍ ደግሞ፣ እንደራሴዎች ፊት እንባ እንደሚያመጣ ባየ ጊዜ «ይዘውት ይምጡ፣ ከፍ አድርገው ያሳዩት» ይላቸው ጀመር። ታዘዙ። ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የፎቶው ጠርዝ አለቀ፤ ለአባቴ ተብሎ ብዙ ነገር ተጠየቀ፣ አባቴን ግን ማንም አልጠየቀም። ወይዘሮ ቴመሊና ይህን ያውቁ ነበር፤ ለእናቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገሯትም።

በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የፀደይ ማለዳ፣ በሚስተር ፕሩዊት በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ፎቶዋቸውን ታቅፈው ተቀምጠው ነበር። በወንበሩ በሌላኛው ጫፍ አንዲት ሴት፣ እሷም ፎቶ ታቅፋ ተቀምጣለች። ከእሷ ጀርባ የቆሙት የሌላኛው፣ የቱርኮቹ ወገን ጎትጓቾች ነበሩ፤ መሪያቸውም የቀድሞ የምክር ቤት አባል ሆኖ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ትናንት ይወጣበት በነበረው በር ዛሬ ተቀጥሮ የሚለምን ሰው ነው። ሁለቱ ቡድኖች ተያይተው ሰላምታ አልተለዋወጡም። ወይዘሮ ቴመሊና ጫማቸው ጠብቋቸው በግሪክኛ «ይኼ ጫማ ነው የሚገድለኝ እንጂ ሌላ ማንም አይደለም» ብለው አጉተመተሙ።

«ያውልቁታ፤ እኔ ካወለቅኩ ቆየሁ» አለቻቸው ሴትዮዋ በቆጵሮስ ግሪክኛ፤ እውነትም እግሮቿን በካፖርቷ ሸፍና ባዶ እግሯን ነበረች።

«አንቺ! ግሪክኛውን ከየት አመጣሽው?»

«ከጎረቤት። የናንተ ሰዎች እናቴ ዘንድ እሳት ሊጭሩ ይመጡ ነበር።»

ወይዘሮ ቴመሊና ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያም ፎቶውን በአገጫቸው አመልክተው «ማነው?» አሏት።

«አባቴ፣ ሐሰን። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት ገበያ ሲሄድ ከአውቶቡስ አወረዱት።»

«እነማን?»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን እያየች «የናንተ ሰዎች» አለች።

ይህን በታርፖን ማንም ነግሯቸው አያውቅም ነበር። በቃላቸው ከያዙት ታሪክ ሁሉ ውስጥ ያች አውቶቡስ አልነበረችም። የራሳቸውን ፎቶ አዞሩላት፤ «ይኼ የእህቴ ባል ነው፤ በሰባ አራት። የናንተ ሰዎች» አሏት።

«ቀበራችሁት?»

«ምኑን እንቀብራለን?»

«እኛም ያው ነን» አለች። ይህች ሴት ዛሬ ከእንደራሴያችን በስተግራ የተቀመጡት ወይዘሮ ኤሚኔ ናቸው፤ በኒው ጀርሲ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ከወይዘሮ ቴመሊና በዕድሜ ጥቂት የሚያንሱ፣ በምላስ ግን የማያንሱ።

ወዲያው በሩ ተከፈተና አዲስ የገባች ጸሐፊ «የቆጵሮስ እንግዶች ይግቡ!» ብላ ጠራች። ሁለቱም ወገን ስለ ቆጵሮስ ብሎ ቀጠሮ ስለያዘ አንድ ቡድን መስሏት በአንድ ሰዓት መዝግባቸው ኖሯል። ላስካሪስ «ይህማ አይሆንም!» አለ፤ የቀድሞው እንደራሴ «እኛ ነን ቀዳሚ!» አለ፤ ወንዶቹ በር ላይ ሲጨቃጨቁ ሁለቱ ሴቶች ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ገቡ። ሚስተር ፕሩዊት ሁለት ባዶ እግራቸውን የሆኑ፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። ወይዘሮ ቴመሊናም ትንፋሽ ሳቡና «ሚስተር ፕሩዊት፣ የእሷን አባትና የእህቴን ባል አጥንት ያፈላልጉልን» አሉ። ከዚያም ሁለቱም ዝም አሉ።

ሚስተር ፕሩዊት ሁለቱን ፎቶዎች ተቀብለው በጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ያን ጊዜ የምክር ቤቱ ደወል ጮኸ። ጸሐፊዋ መጥታ «ድምፅ መስጠት ተጀምሯል» አለች። አልተነሡም። ደግማ መጣች፤ እጃቸውን አወዛውዘው መለሷት። ያ ሰው በዚያ ቤት በኖሩበት ዘመን ሁሉ በቢሯቸው ተቀምጠው ድምፅ ሳይሰጡ የቀሩት ያን ቀን ብቻ እንደሆነ ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ደወሉ ቆመ፤ እሳቸውም «ወይ ለሁለታችሁ እሠራለሁ፣ ወይ ለማንም አልሠራም» አሉ፤ ወይዘሮ ኤሚኔም «ታዲያ ምን ጠየቅን?» አሏቸው።

በኮሪደሩ ላይ የጠበቃቸው ግን ሌላ ነበር። ላስካሪስ «ኪራ ቴመሊና፣ ምን አደረጉን? የስንት ዓመት ልፋት ነው በአንድ ትንፋሽ ያፈሰሱት!» ብሎ በዚያው ከልዑካኑ አስወጣቸው፤ ወይዘሮ ኤሚኔንም ያመጧቸው ሰዎች የመልስ ቲኬታቸውን እንኳ ሳይሰጡ ጥለዋቸው ሄዱ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ታርፖን ደርሶ ነበር። በዚህ በር ሲገቡ ፊታቸውን ያዞሩባቸው ነበሩ፤ ስም አልጠራም፣ ግማሾቻችሁ ዛሬ እያለቀሳችሁ ነው። በወደቡ ቡና ቤት ውስጥ «ከቱርኳ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ አለቀሰች» እየተባለ ሲወራ፣ በማዕዘን ተቀምጠው የነበሩት ካፒቴን ፓንተሊስ ሲጋራቸውን አጠፉና በሕይወታቸው ረጅሙን ንግግር አደረጉ፤ «ጠላቂ ሲጠፋ በወደቡ ያለ ጀልባ ሁሉ ይወጣል። የማን ጀልባ ሰው ነው ብሎ የጠየቀ አለ? ካለ ይነሣና ልየው።» የተነሣ አልነበረም። ይህ የወደባችን ሕግ ነው፤ ካፒቴኑ አስታወሱት እንጂ አላወጡትም።

በሚቀጥለው ፀደይ ሁለቱ ሴቶች ያለ ኅብረት፣ ያለ ድርጅት፣ በገዛ ወጪያቸው ዋሽንግተን ተገናኙ። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ቴመሊና ፎቶ እንለዋወጥ ያሉት። «የራሴን ስለምን ለራሷ ነው ይላሉ፤ ያንቺን ስለምን ምን ሊሉ ነው?» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ቴመሊና የሐሰንን፣ ወይዘሮ ኤሚኔ ደግሞ የአባቴን ፎቶ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ዞሩ፤ ግሪካዊቷ ስለ ቱርኩ፣ ቱርካዊቷ ስለ ግሪኩ በአንድ ትንፋሽ ለምነው ዝም ይላሉ። የለመደ መልስ ያለው እንደራሴ ሁሉ መልሱ ከአፉ ጠፋ። በመጨረሻ ሚስተር ፕሩዊት በውጭ ዕርዳታ በጀት ውስጥ የጠፉትን የሁለቱንም ወገን ሰዎች አጥንት ለመፈለግ አንዲት መስመር አስገቡ፤ በየዓመቱ ልትሰረዝ ስትል በየዓመቱ ሁለቱ ሴቶች ከነስፖንጃቸው እየመጡ አዳኗት። ሚስተር ፕሩዊት በተሰናበቱበት ዓመት በጥምቀት በዓላችን፣ ወጣቶቻችን መስቀሉን ከውኃ ለማውጣት በሚጠልቁበት ባሕር ዳር ቆመው «በዚያ ቤት ብዙ ሰው ጮኾብኛል፤ ዝም ያለችብኝ ግን ቴመሊና ብቻ ነች፤ የፈራሁትም እሷን ብቻ ነው» ሲሉ ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ዘመን አልፎ የሁለቱም ወገን ወጣት ባለሙያዎች አብረው መቆፈር ጀመሩ። አባቴ ከብርቱካኑ እርሻ ጥግ፣ ከደረቀ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ፤ ሊዘጋው ከሄደው ውኃ አልራቀም ነበር። ማንነቱ በእኔ ደም ተለይቶ፣ በኒቆሲያ ቀበርነው፤ እናቴም በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ለበሰች። ወይዘሮ ኤሚኔ ለብዙ ዓመት የተሸከሙትን የአባቴን ፎቶግራፍ በመቃብሩ አፍ ላይ ለእናቴ አስረከቧት። ወይዘሮ ቴመሊና ግን የሐሰንን ፎቶ አልመለሱም፤ ሐሰን አልተገኘማ። በወቅቱ በደስታችን መሃል ለምን እንደሚያለቅሱ ስጠይቃቸው «አንዱን ጀልባ አስገብተን ሌላውን ባሕር ላይ ትተን ነው?» አሉኝ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሳንባቸው ደክሞ፣ ያ በሕፃንነታቸው ያስመሰገናቸው ትንፋሽ እያጠረ ሄደ። ሐኪሞች የሚቻላቸውን አደረጉ፤ ልጆቻቸው ተራ ገብተው አስታመሟቸው። ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው እኔን ወደ አልጋቸው ጠርተው፣ ማረፍ እያስፈለጋቸው፣ በየመሃሉ እየተነፈሱ እንዲህ አሉኝ፤ «ኦቨርስትሪት ትመጣለች፤ ምርጫ ደርሷል፣ ቀብር አያመልጣትም። መሃል አስቀምጫት። ጫፍ ላይ የተቀመጠ ፖለቲከኛ ስልክ ይደወልለታል። ኤሚኔን በግራ፣ እናትሽን በቀኝ። የሐሰንን ፎቶ በኔ ሣጥን ላይ፤ የኔን መልክ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጠይቂያት።» እኔም «ቲያ፣ አክስቴ፣ በቀብርሽ ላይም?» ብላቸው፣ «ታዲያ ከዚህ የተሻለ መቼ አገኛታለሁ? እምቢ ብትል የት ትገባለች?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁም ሳል ሆነ። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ቴመሊና ከካፒቴን ፓንተሊስ ቀድመው አልሄዱም፤ ካፒቴኑ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሄደው ይጠብቋቸዋል፣ ዝም ብለው እንደሆነ አልጠራጠርም። በሕይወት ትተዋቸው ያለፉት ልጆቻቸው ኖሚኮስና ሴቫስቲ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እህታቸው ኢሪኒ፣ እኔ የእህታቸው ልጅ ክሪስታላ፣ በሥጋ ሳይወለዱ እህታቸው የሆኑት ወይዘሮ ኤሚኔ፣ እንዲሁም ይህ የወደብ ሕዝብ ሁሉ ናቸው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ሰው የት እንደማገባው ቸግሮኛል፤ ከሞቱት ጋር እንዳልጠራው አልተቀበረም፣ ከቀሩት ጋር እንዳልጠራው ከሄደ ዘመን ሆኖታል። እሱም በሳጥኑ ላይ የምታዩት፣ ኮፍያውን ያደረገው፣ ገበያ ሊሄድ አውቶቡስ የተሳፈረው ሐሰን ነው።

ከንባቡ በኋላ በአዳራሹ ዓሣና የስንዴ ንፍሮ ተዘጋጅቷልና ማንም ሳይቀምስ እንዳይሄድ ቤተሰቡ ይለምናል።

ጥልቁን የሚያውቅ፣ የጠፋውን ሁሉ በስሙ የሚጠራ አምላክ የእናታችንን የወይዘሮ ቴመሊናን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍ፤ ለደከመው ሳንባቸው የማያልቅ ትንፋሽ ይስጥ፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።

ትእዛዙ ይህ ነበርና አሁን እፈጽማለሁ። የተከበሩ ወይዘሮ ኦቨርስትሪት፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሰበሰበው ኮሚቴዎ ለአጥንት ፍለጋው የተመደበችውን አንዲት መስመር ሐሰን ሳይገኝ እንዳይሰርዝ ያድርጉልን።

እንግዲህ ዝም እላለሁ።